የጀልባ ሆድ በስቱኮ አይደፈንም

(ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለጀልባ ነጂዎች፣ ለዓሣ አስጋሪዎችና ጥገና ለሚማሩ ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ነው የጻፍኩት። ድግግሞሹንም ሳቁንም እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ከኋላ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ። ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ ድምፄን ጠራርጎ ወደ ታቦር ተራራ ይወስደዋል። ያልሰማ ሰው እጁን ያውጣ፣ እደግማለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልሥራ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዕቃ አለ። አንዱ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ሌላው ትሪ ነው። ባለቤቴ ታውቃለች፣ አልሰረቅኩም። (ሳቅ) አሁን ኢፖክሲ ቀላቀልኩ። ሬዚንና ሃርድነር፣ ማለት ሙጫውና ማጠንከሪያው፣ ሌላ ምንም የለውም። ለሁለት ከፈልኩት። 200 ግራም ያህሉ ኩባያው ውስጥ ቀረ። ሌላውን 200 ትሪው ላይ አፈሰስኩት፣ በስፓቱላ ዘረጋሁት። ያው አንድ ነገር ነው፣ ከአንድ ዕቃ ነው የወጣው። አንተ ቀይ ሹራብ የለበስከው ወንድሜ፣ ስልክህ ላይ ሰዓት ያዝልኝ። ኩባያውን ማንም እንዳይነካ። አንተም ጭምር።

እሺ። ወደ ነገሬ ልግባ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። መንገድ ላይ ይጠይቁኛል፣ ቡና ቤት ይጠይቁኛል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ጠይቀውኛል። "ጀልባዬ ከሥሩ ተቦጨቀ። የቱን ኢፖክሲ ልግዛ?" እኔም ሁልጊዜ ጥያቄውን በጥያቄ ነው የምመልሰው። ምን እንዲሠራልህ ነው የምትገዛው? እንዲያጣብቅልህ ነው? ጎድጓዳውን እንዲሞላልህ ነው? ላዩን እንዲያለሰልስልህ ነው? ወይስ አሁኑኑ፣ እዚሁ ውሃው ላይ ሳለህ፣ የሚገባውን ውሃ እንዲያቆምልህ? እነዚህ አራት ሥራዎች ናቸው። አራቱንም የሚሠራ አንድ ቆርቆሮ የለም። ሻጩ አለ ቢላችሁም የለም።

ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ስቱኮ፣ ያ የመኪና ላሜራ መሙያ፣ ለምን እንደማይሆን። ሁለተኛ፣ ኢፖክሲ ውስጥ ከሚጨመሩት ዱቄቶች የቱ ለየትኛው ሥራ እንደሚገባ። ሦስተኛ፣ ጀልባው ውሃ ውስጥ እያለ ምን እንደሚደረግ። ወሬ ይዞኝ ከሄደ መልሱኝ። ይዞኝ መሄዱ አይቀርም።

አንደኛው ነጥቤ የራሴ ጥፋት ነው።

እኔ ወደ ሐይቁ ከመምጣቴ በፊት ጋራዥ ነበርኩ። ላሜራና ቀለም። የመኪና በር ተጨማዶ ይመጣል፤ እቀጠቅጣለሁ፣ ስቱኮ እቀባለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ ቀለም እነፋለሁ። እጄን አምነው ነበር። ታዲያ አንድ ታኅሣሥ 17 ቀን አንድ ሰው ሆዱ የተቦጨቀ የፋይበር ጀልባ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ለ19 ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ እንግዳ ሐይቁን ሳያይ አይመለስም። ጀልባ ያለው ሰው ኪሱ የሚሞቀው ያኔ ነው። "ለ19 ይደርስልኛል?" አለኝ። "ምን ለ19፣ ለነገ ይደርሳል!" አልኩት።

ደረሰም። በስቱኮ ሞላሁት፣ አሸሁት፣ ቀለም ነፋሁበት። እንደ እንቁላል ለሰለሰ። ሰውየው አቀፈኝ። ከፈለኝ። እኔም "ጀልባ እኮ ከመኪና ይቀላል" ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

ለጥምቀት ሰሞን ስልክ ተደወለ። ሄድኩ። ጀልባው አሸዋው ላይ ተገልብጧል። የሠራሁትን ቦታ በጣቴ ነካ ሳደርገው፣ ሙሉውን፣ እንደ ቂጣ ቁራሽ መጣልኝ። ከሥሩ እርጥብ ነው። እጄ ላይ የቀረው ደግሞ ጠርዙ እንደ ረጠበ ኖራ ይፈረፈራል። ሰውየው ምንም አልተናገረኝም። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ገንዘቡን መለስኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ እሱ ነኝ።

ምን ሆኖ ነው? ስቱኮ ፖሊስተር ከሚባል ሬዚን ነው የሚሠራው። እንዲወፍር የሚጨመርበት ዱቄት በአብዛኛው ታልክ ነው፤ ያው የሕፃን ፓውደር የሚሠራበት ድንጋይ። ይህ ነገር ውሃ ይስባል። መኪና ላይ ግድ የለም። ዝናብ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ ቀለሙም ይከልለዋል። ጀልባስ? ጀልባ ሌሊትም ውሃ ውስጥ ነው የሚያድረው። ውሃ ትዕግሥት አለው። ቀለም ላይ አንዲት ጭረት ካገኘ በእሷ ይገባል።

ደግሞ ሌላም አለ። ፖሊስተር ደርቆ በከረመ አካል ላይ ሲቀባ አያያዙ ደካማ ነው። ኢፖክሲ ግን በተፈጥሮው ሙጫ ነው። እዚህ ያሉት የፋይበር ጀልባዎች አብዛኞቹ በፖሊስተር የተሠሩ ናቸው፤ ቢሆንም ኢፖክሲ እነሱ ላይ አጥብቆ ይይዛል። ግልብጡ ግን አይሠራም። ኢፖክሲ ላይ ፖሊስተር አትቅቡ። ልድገመው? ኢፖክሲ ፖሊስተር ላይ፣ ይሆናል። ፖሊስተር ኢፖክሲ ላይ፣ አይሆንም።

ይህ ኢፖክሲ የምንለው ነገር መጀመሪያ ለምን እንደታሰበ ታውቃላችሁ? ለጥርስ! እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ፒየር ካስታን የሚባል የስዊዘርላንድ ኬሚስት ለሰው ሠራሽ ጥርስ መሥሪያ የሚሆን ነገር ሲፈልግ ነው የደረሰበት። እዚያው አካባቢ አሜሪካ ውስጥም ሌላ ኬሚስት በሌላ መንገድ ደርሶበታል። አስቡት፣ ለአፍ የታሰበ ነገር ለጀልባ ሆድ ሆነ። (ሳቅ) ለነገሩ አፍም ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው።

"እሺ፣ ኢፖክሲ ካልክ ኢፖክሲ እገዛለሁ" ትሉኛላችሁ። ቆይ! ኢፖክሲ የተጻፈበት ሁሉ አንድ አይደለም። በሁለት ትንንሽ ቱቦ የሚሸጠው፣ በ5 ደቂቃ የሚደርቀው አለ። እሱ ለጫማ፣ ለብርጭቆ፣ ለልጆች መጫወቻ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሰነብት ይለሰልሳል። ከውሃው መስመር በታች አታግቡት። የወለል ኢፖክሲም አለ። እሱ የተሠራው እንዲፈስና ራሱን እንዲያስተካክል ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ እንዳይፈስ ነው። ስለዚህ ለጀልባ የሚሆን ወይም ለማጣበቂያነት የተሠራ ሬዚን ጠይቁ፣ ጽሑፉን አንብቡ። ማንበብ ያቃተው ልጁን ያስነብብ፤ ነውር የለውም።

ሰዓት ስንት ሆነ? 7 ደቂቃ። ኩባያው ምን ይመስላል? ሞቅ ብሏል? እጅህን አታስገባ፣ ከውጭ ብቻ። ሞቅ ብሏል። ቆይ፣ ገና ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ዱቄቶቹ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና።

ኢፖክሲ ብቻውን እንደ ዘይት ይፈስሳል። የጀልባ ሆድ ላይ ቀብታችሁ ዘወር ስትሉ ጫማችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። የሚያቆመው የምትጨምሩበት ዱቄት ነው። ባሕሪውን የሚሰጠውም ዱቄቱ ነው። የውጭ አገር መመሪያ ስታነቡ ውፍረቱን በማዮኔዝና በኦቾሎኒ ቅቤ ነው የሚያስረዱት። እኛ ምን ቸገረን? ሹሮ አለን። ፈሰስ ያለ ሹሮ፣ ተጋቢኖ፣ ገንፎ። በቃ፣ ሦስት ውፍረት። ፈሰስ ያለው ለጨርቅ ማራሻና ስስ ክፍተት ለማጣበቅ ነው። ተጋቢኖው ሁለት ነገር ስታጋጥሙ መሃሉን ይሞላል። ገንፎው ለጎድጓዳና ለቁልቁል ቦታ ነው። ከሥር ወደ ላይ እየቀባችሁ እንዳይወርድ ከፈለጋችሁ ገንፎ አድርጉት። መሃሉን በእንጨት ስትበሱት ግድግዳው ከቆመ ደርሷል። ቅቤ ግን አትጨምሩበት። (ሳቅ)

አሁን ዱቄቶቹን አንድ በአንድ።

የሲሊካ ዱቄት አለ። ነጭ ነው፣ በጣም ደቃቅ ነው፣ ክዳኑን ስትከፍቱት እንደ ጢስ ይነሣል። ኢፖክሲው ወደ ታች እንዲወርድ አያደርግም፣ ጥንካሬውንም አይቀንስበትም። ከውሃ በታች የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ ሲሊካ እገዛለሁ። ክፋቱ ሲደርቅ ድንጋይ መሆኑ ነው። ስታሹት ክንዳችሁ ይዝላል። ስለዚህ ሳይደርቅ በስፓቱላ አስተካክሉት። ትርፉን ነገ አሻዋለሁ ያለ ሰው ነገ ያለቅሳል።

የተፈጨ ወይም የተከተፈ የመስታወት ክር አለ። እሱ እንደ ጭድ ነው። ጭቃ ቤት ያለ ጭድ ይሰነጠቃል አይደል? ልክ እንደዚያ። የሞተር ማሰሪያው አካባቢ፣ ቡሎን የሚገባበት፣ ማዕዘን ላይ፣ ጉልበት የሚጠየቅበት ቦታ ላይ ከሲሊካ ጋር ቀላቅሉት።

ሳጋቱራ አለ። በደንብ የደረቀ፣ የተነፋ፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ። እሱ ለእንጨት ጀልባ ከውስጥ በኩል ማጋጠሚያ ጥሩ ነው። ርካሽም ነው። የእንጨት ጀልባ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ለሌላ ቀን ልተወው። አንድ ነገር ብቻ፦ እርጥብ እንጨት ላይ ኢፖክሲ መቀባት መበስበስን አሽጎ ማስቀመጥ ነው።

አራተኛው ሰውን የሚያታልለው ነው። ሲያዩት ዱቄት ይመስላል፣ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ውስጧ ባዶ የሆነች ኳስ ናት። ነጩ ከመስታወት ነው፣ ቡናማው ከፕላስቲክ ዘር። ከኢፖክሲ ጋር ሲቀላቀል ቀላል፣ ለስላሳ ይሆናል። ስታሹት እንደ ሳሙና ይላጣል። ሰው ይወደዋል። እኔም እወደዋለሁ። ግን ምንድን ነው? ዳቦ ነው። ውስጡ አየር ነው። ጉልበት የለውም። ሥራው ላዩን ማለስለስ ብቻ ነው። ከውሃው መስመር በታች ከተጠቀማችሁበት ስስ አድርጉት፤ ከዚያ ባዶ ኢፖክሲ፣ ዱቄት የሌለበት፣ ሁለት ሦስት እጅ ደርቡበት። ከዚያ ቀለም። በዚህ ነገር ጥልቅ ጎድጓዳ የሞላ ሰው ጀልባው ድንጋይ ሲነካ ያየዋል።

ደግሞ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ጀሶ አትጨምሩ! ሲሚንቶ አትጨምሩ! ጀሶ ጨምሮ "ነጭ ሆነልኝ" ያለ ሰው አጋጥሞኛል። ነጭ መሆኑማ ሆነ።

ሌላም አለ፣ ይህን ያዙልኝ። መሙያ ይሞላል እንጂ አይሸከምም። ጭረት ከሆነ፣ ቡጭቅጫቂ ከሆነ፣ ሙላው። ጀልባው ተበስቶ ከውስጥ ብርሃን የሚታይ ከሆነ ግን መሙያ ብቻውን አይበቃም። የመስታወት ጨርቅ ያስፈልጋል። ጠርዙን እንደ ሳህን ቀስ እያለ እንዲሳሳ ታሹታላችሁ። ልኩ 1 ለ12 ነው። አካሉ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው፣ ከቀዳዳው ዙሪያ በየአቅጣጫው 6 ሳንቲ ሜትር ታሳሳላችሁ። ሰው ይህን ስነግረው ይደነግጣል። "የቡና ሲኒ ለምታህል ቀዳዳ ትሪ የሚያህል ቦታ ልገሽልጥ?" ይለኛል። አዎ። ጨርቁ የሚይዘው በዚያ ስፋት ነው። ቀዳዳዋን በገንፎ ደፍናችሁ ከሄዳችሁ እንደ ቡሽ ናት፤ አንድ ቀን ትዘላለች።

ስለ እርጥበት ልጠይቃችሁ። ጨው ያለው ውሃና ጨው የሌለው ውሃ፣ ለፋይበር ጀልባ የትኛው ይከፋል? እጅ አውጡ። ጨው ያለው የምትሉ? ኦሆ፣ ሁላችሁም ማለት ይቻላል። ተሳሳታችሁ! እኔም እንደናንተ ነበር የማስበው። ብረት ላይ ከሆነ ጨው ይከፋል፣ እውነት ነው። ፋይበር ላይ ግን እንደኛ ሐይቅ ያለው ይብሳል። ለምን? ጎመን ላይ ጨው ስትነሰንሱ ምን ይሆናል? ውሃ ያወጣል። ውሃ ቀጭን ከሆነበት ወደ ወፈረበት ይሄዳል። በጀልባው ቆዳ ውስጥ ሲሠራ በደንብ ያልበሰለ ኬሚካል ይቀራል። ውሃ ቀስ ብሎ ይገባና ከእሱ ጋር ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ያ ፈሳሽ ሌላ ውሃ ይስባል። የውጪው ውሃ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ስበቱ ይበረታል። ሞቃት ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። ከዚያ ቆዳው እንደ እሳት የነካው እጅ ውሃ ይቋጥራል። ብትበሱት ኮምጣጤ ይሸታል። ያ ሽታ ካለ በላዩ መሙያ አትቀቡ። ክፈቱት፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ አድርቁት።

ደረቀ አልደረቀ በምን ይታወቃል? በእጅ ዳሰሳ አይደለም። ጥርት ያለ ላስቲክ ቁረጡ። ቦታው ላይ አድርጉና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። ፀሐይ ይምታው። ከሰዓት በኋላ ተመልከቱት። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካለ ውሃው ከውስጥ እየወጣ ነው፣ ገና ነው። ጤዛ ከሌለ ቀጥሉ። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ምን አልክ? ይጨሳል?

እሺ፣ እሺ፣ ተረጋጉ። ስንት ደቂቃ ሆነ? 14። ቆይ እኔ በጓንት ልያዘው። አባባ፣ እግርዎን ያንሱልኝ። ይኸው፣ አሸዋው ላይ አስቀመጥኩት። ተመልከቱ፣ ኩባያው ተጣመመ። ጢሱን አትሳቡት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁሙ። ትሪው ላይ ያለውስ? ኑ እዩት፤ አሁንም እንደ ማር ይሳባል። አንድ ሬዚን፣ አንድ ሃርድነር፣ በአንድ ጊዜ ነው የተቀላቀለው።

ኢፖክሲ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ኩባያ ውስጥ ሲታጨቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሙቀቱ ራሱ ደግሞ ያፋጥነዋል፣ የተፋጠነው ደግሞ ይሞቃል። እንዲህ እየተባባሰ እስኪጨስ ይሄዳል። ስለዚህ የቀላቀላችሁትን ወዲያው ወደ ትሪ አውጡ። ጎድጓዳ ስትሞሉም በአንድ ጊዜ አትሙሉ፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ በሁለት በሦስት ዙር ይሁን። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር የመሥሪያ ጊዜያችሁ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ላይ ብትቀላቅሉ ምን እንደምትሆኑ አሁን አያችሁ። ጥላ ሥር ቀላቅሉ።

ስለ መጠን ደግሞ። ከፖሊስተር ጋር የሠራችሁ ልጆች፣ ይህ ለናንተ ነው። ፖሊስተር ላይ "ቶሎ እንዲደርቅ ሃርድነር ጨምርበት" ትላላችሁ፤ በተወሰነ ደረጃ ይሠራል። ኢፖክሲ ላይ አይሠራም! 5 እጅ ሬዚን ለ1 እጅ ሃርድነር ከተባለ 5 ለ1 ነው። 2 ለ1 ከተባለ 2 ለ1 ነው። ሬዚኑና ሃርድነሩ እንደ ቁልፍና ጋን ናቸው፤ የተረፈው ቁልፍ የሚገባበት ጋን አያገኝም። ሃርድነር ያበዛ ሰው ፈጥኖ የሚደርቅ ሳይሆን ለዘላለም የሚጣበቅ ነገር ነው የሚያገኘው። በግምት አትቅዱ። ለትንሽ ሥራ ስሪንጅ ግዙ፤ ለሬዚኑ አንድ፣ ለሃርድነሩ ሌላ። መጀመሪያ ሁለቱን በደንብ አማስሉ፣ የዕቃውን ጥግና ታች እየፋቃችሁ። ዱቄቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

ሌላው፣ ጠዋት ስትመጡ ትናንት የቀባችሁት ላይ ሰም የመሰለ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። በተለይ ሌሊቱ ቀዝቅዞ አየሩ እርጥብ ከነበረ። በብርጭቆ ወረቀት ቶሎ አትዝመቱበት፣ ታሰራጩታላችሁ። በውሃና በሸካራ ስፖንጅ እጠቡት፣ ይለቃል። ከዚያ አድርቁና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጉት።

ጀልባውን መቼ ውሃ ላይ እናውርደው? ነክታችሁት ደረቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር አንድ ሳምንት ግድም ስጡት። አዎ፣ ሳምንት ሙሉ ገቢ የለም። አውቃለሁ። እኔም ታኅሣሥ 17 ላይ አውቅ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው። ጀልባው ውሃ ውስጥ እያለ።

ለዚህ ተብለው የተሠሩ መሙያዎች አሉ። አንዱ እንደ ሊጥ የሚታሽ ዱላ ነው። ውጪው አንድ ቀለም፣ ውስጡ ሌላ ቀለም ነው፤ ቆርጣችሁ መስመር እስኪጠፋ ታሹታላችሁ። ሌላው በሁለት ዕቃ ይመጣል፣ እኩል በእኩል። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር የሆነ አለ፣ ሲዋሃዱ አረንጓዴ ይሆናሉ። አረንጓዴው አንድ ወጥ ካልሆነ ገና አልታሸም ማለት ነው። እነዚህ ውሃ ውስጥ ይደርቃሉ። ተራው ኢፖክሲ ግን እርጥብ ቦታ ላይ አይይዝም፤ ከውሃው በላይ የተንሳፈፈ ቅባት ይሆንባችኋል።

አንድ ጊዜ ስድስት እንግዳ ጭነን ነበር። የተሰበረ ችካል ከውሃው በታች ነበር፣ አላየነውም። ቀጭ! አለ። የአውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ። ውሃው እንደ ቧንቧ ወደ ውስጥ ይተፋል። አንዷ እንግዳ ጫማዋን አውልቃ ውሃ መቅዳት ጀመረች። እኔ ዱላውን አሽቼ ከውስጥ በኩል ለጠፍኩት። ውሃው ገፍቶ ጣለው። ደገምኩ። ገፍቶ ጣለው። ሦስተኛ ጊዜ ልለጥፍ ስል አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ምንም ሳይለኝ ልብሱን አወለቀና ዘለለ። ከውጭ በኩል፣ በመዳፉ፣ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። ያዘ!

ለምን ያዘ? ከውስጥ ስትለጥፉ ውሃው ከጀርባው ይገፋዋል። ከውጭ ስትለጥፉ ያው ውሃ ወደ ጀልባው ይጫነዋል፤ አብሯችሁ ይሠራል። እኔ በዕድሜ የምበልጠው ሰው ከውስጥ እታገላለሁ፣ የ19 ዓመት ልጅ በአንድ ዝላይ ጨረሰው። (ጭብጨባ) እዚህ አለ፣ አይናገርም እንጂ። ጉማሬ አለመኖሩን አይቶ ነው የዘለለው፤ እናንተም እዩ።

አለጣጠፉን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አልጌውንና ዝቃጩን በሽቦ ብሩሽ አስለቅቁ። ጓንታችሁን አርጥቡት፣ ካልሆነ መሙያው የሚጣበቀው እጃችሁ ላይ ነው። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ እየገፋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ ከሥሩ ያለው የውሃ ሽፋን ተገፍቶ መውጣት አለበት። እንደ ሕፃን መታ መታ አታድርጉት። ከላይ ላስቲክ አድርጋችሁ እስኪጠነክር ያዙት። ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከመሬት ላይ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ከጀልባችሁ ሳጥን ውስጥ አንድ ዱላ፣ አንድ ጥንድ ጓንት፣ አንድ ሽቦ ብሩሽ አይታጣ። ሳሙናና ማስቲካ ይዘን የምንወጣበት ዘመን ያብቃ። አባባ ይስቃሉ፤ ሬንጅም ነበር፣ አዎ!

ይህ ግን ወደ ዳር መድረሻ ነው። ዳር ስትደርሱ ጀልባውን አውጡ፣ የለጠፋችሁትን ፍቁ፣ ሥራውን ከመጀመሪያው ሥሩ። "ይኸው ወር ሆነው፣ ይዟል" አትበሉኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ በነጥቦቼ ውስጥ አልነበረም። ይህን ክንዴን ታያላችሁ? ለሁለት ዓመት ያለ ጓንት ሠራሁ። ጣቴ ላይ ሲነካኝ በአሴቶን እጠርግ ነበር። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ። አሴቶን ግን ወደ ቆዳ ውስጥ ነው የሚያስገባው። አንድ ቀን ክንዴ ሽፍ አለ፣ አበጠ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ሰውነት አንዴ ኢፖክሲን ከጠላ አይታረቅም። አሁን ክዳኑ ሲከፈት ብቻ ያሳክከኛል። ስለዚህ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ዱቄት ስትጨምሩና ስታሹ ማስክ። ቆዳችሁን ከነካ ሳሙናና ውሃ። በአሴቶን ብሩሽ እጠቡበት፣ ቆዳ አይደለም።

የተረፈውንም ሐይቅ ውስጥ አታፍስሱ። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቃችን ይገባል፤ ከሐይቃችን የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የጣልነው እዚሁ ነው የሚቀመጠው። ቆሮሶው እዚሁ ነው፣ አምባዛው እዚሁ ነው፣ የምንበላውም እኛው ነን። ትርፉ እስኪደርቅ ይቆይ፣ ከዚያ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሂድ።

ጥያቄ እቀበላለሁ፣ ግን በሥራ ላይ። ሰዓት ስንት ነው? 26 ደቂቃ። ትሪውን ልየው። ኦ፣ እየወፈረ ነው፣ ግን ይሳባል። ፍጠኑ፣ አሥር ደቂቃ ቢኖረን ነው። ያ የተገለበጠው ሰማያዊ ጀልባ ትናንት ታሽቶ ደርቋል፤ ላስቲኩ ሥር ጤዛ የለም፣ አይቻለሁ። ሲሊካው እዚህ ነው። ማስክ ያላደረገ አይጠጋ። ጓንት ከሳጥኑ ውሰዱ፣ ሁለት ሁለት። አንተ ቀይ ሹራብ፣ አንተ ጀምር፤ ገንፎ አድርግልኝ።